«አሁን ምን እያነበብሽ ነው?» ስንባል የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ ኒም ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን። አምስት ስድስት ሰዎች ነን። ሻይ እናዛለን። አንዱ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል። ከዚያ በየተራ እንጠያየቃለን፦ «አሁን ምን እያነበብሽ ነው?»

የምናነበው ሳይንስ ልብ ወለድና ፋንታሲ ነው። ሩቅ ፕላኔቶች፣ ደራጎኖች፣ የሚያስቡ ማሽኖች፣ በካርታ ላይ የሌሉ መንግሥታት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በከተማችን ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ስንገናኝ ወሬው ደርሶ ይጠብቀናል። ያም ሆኖ ባለፉት ዓመታት በወሬያችን ብዙ መጽሐፍ እርስ በርስ አበላሽተናል። ስህተቶቹን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መተረክ

ይሄ የሁላችንም ነው። መጽሐፉ ሲይዘን «ከዚያስ ምን ሆነ መሰለሽ» እያልን እንቀጥላለን። ሻዩ ይቀዘቅዛል። ሰሚው ስሞቹ ይምታቱበታል። ይባስ ብሎ መጨረሻውን ያውቀዋል።

በሌላ ልብ ወለድ ማን እንደሞተ ካልተናገርን ይበቃ ይሆናል። እኛ በምናነበው ግን የሚደበቀው ምስጢር ሌላ ነው። የዚያ ዓለም ሕግ ምንድን ነው? ሰማዩ ለምን ቀላ? ማሽኑ ለምን ይዋሻል? አንባቢው ይህን ቀስ በቀስ ሲደርስበት ነው ጣዕሙ። አንድ ወዳጄ አንድ ጊዜ፣ በደግ ልቡ፣ የአንድ መጽሐፍ ሰዎች የሚኖሩበት እንግዳ ፕላኔት በእርግጥ የት እንደሆነ ነገረኝ። አነበብኩት። ግን በእያንዳንዱ ገጽ ያንን አንድ መልስ ስጠብቅ ጨረስኩት። ያንን መጽሐፍ እንደ አዲስ የማነብበት ዕድል ከዚያ በኋላ የለኝም።

ታዲያ ምን እንበል? አንድ ትንሽ ነገር ምረጡ። የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የወጣ መጽሐፍ ነው። ታሪኩ የሚያልፍበት ፕላኔት ሙሉ በሙሉ በረሃ ነው። ተራዬ ሲደርስ ስለ ጦርነቱም ስለ ልዑሉም ምንም አላልኩም። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «እዚያ አገር ሰው ፊት መትፋት ክብር ነው። ውሃ ብርቅ ስለሆነ፣ ከሰውነትህ እርጥበት ሰጠኸው ማለት ነው።» ሙቀቱ የከፋበት ወር ነበር። ከእኛ ወዲያ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደርቆ ያንጸባርቃል። ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ አንዱ «አቦ፣ እሱን መጽሐፍ ስጪኝ» አለ።

እኛ አሁን የያዝነው ልክ አለ። ከመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ገጾች ያለፈ ነገር አይነገርም። ያነበቡት ሁለት ሰዎች ከሆኑ ወንበራቸውን ወደ ጥግ ስበው ያውሩ።

እስኪጨርሱ ድረስ ዝም ማለት

ከላይ ያለውን የፈሩ ሰዎች ደግሞ እዚህ ይወድቃሉ። «ገና ነኝ፣ ስጨርስ እነግራችኋለሁ» ይላሉ። ሲጨርሱ የሚነግሩን ፍርዱን ነው፦ አሪፍ ነው፣ አይረባም። በቃ።

እኔ የሚጣፍጠኝ ግን ግማሽ ላይ ያለ አንባቢ ወሬ ነው። ግማሽ ላይ ያለ ሰው ይገምታል። ይጠረጥራል። ይናደዳል። «መቶ ሰማንያኛው ገጽ ላይ ነኝ፤ ይቺን ንግሥት አላምናትም» ያለች ጓደኛ፣ የመጽሐፉን ፍሬ ነገር ሳትነካ እኛንም ጠርጣሪ አደረገችን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሳትቀመጥ «ንግሥቲቱስ?» ብለን ጠየቅናት። ሰው ያላነበበውን መጽሐፍ እንዲህ ሲናፍቅ ማየት ደስ ይላል።

አንዳችን ግምቱን በደብተር ይጽፋል። ገጹን፣ ቀኑን፣ «ከዳተኛው እገሌ ነው» የሚለውን። ሲጨርስ ከፍቶ ያነብልናል። የተሳሳተው ግምት ከትክክለኛው የበለጠ ያነጋግረናል፤ ደራሲው እንዴት አድርጎ እንዳሳሳተው እንመረምራለንና።

ስንተኛው ክፍል እንደሆነ አለመናገር

የፋንታሲ መጽሐፍ ብቻውን የሚቆመው ጥቂት ነው። እዚህ ደግሞ የምናገኘው አሮጌ መጽሐፍ ነው። የተገኘው ክፍል ይገዛል፤ ሁለተኛው አለ፣ አንደኛው የለም። ስለዚህ ስሙን ስትጠሩ ቁጥሩንም ጥሩ።

የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» በ1954 እና በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሦስት ክፍል ታተመ እንጂ አንድ ወጥ ታሪክ ነው። መሀሉን ብቻ ያነበበ ሰው መንገድ ላይ ተሳፍሮ መንገድ ላይ እንደወረደ ነው። ናርኒያ ስለምትባል ምናባዊ አገር የተጻፉት የሲ. ኤስ. ሉዊስ ሰባት መጻሕፍት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። በ1955 የወጣው ስድስተኛው መጽሐፍ የናርኒያን አፈጣጠር ይተርካል። ስለዚህ በኋላ የወጡ ብዙ ኅትመቶች አንደኛ ብለው ቆጠሩት። እኔ በ1950 በወጣው መጀመር ይሻላል እላለሁ። ሕፃኗ ቁም ሣጥን ከፍታ በረዶ ውስጥ ስትገባ፣ አንባቢውም እንደ እሷ ምንም ሳያውቅ ቢገባ ነው የሚያምረው።

ያላለቀ ተከታታይ ከሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የሚጀምረው የጆርጅ ማርቲን ተከታታይ አምስተኛ መጽሐፍ የወጣው በ2011 ነው። ስድስተኛውን አንባቢው ከአስር ዓመት በላይ ጠብቆታል። ይህን አውቆ የሚጀምር ሰው አይቀየማችሁም።

ቃላቱን ሳይመርጡ መወርወር

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ቤት ውስጥ ጠብ ያስነሳል። አንዱ የእኛ ልጅ ለእናቱ «ስለ ጠንቋዮች ትምህርት ቤት እያነበብኩ ነው» አላቸው። መጽሐፉ ለአንድ ወር ከቤት ወጣ። በአማርኛ «ጠንቋይ» ሲባል ሰው የሚያስበው መተት አድራጊውን፣ ቤት አፍራሹን ነው። ጺማም ሽማግሌ በትር ይዞ ለድሆች ሲዋጋ አይታየውም። እኔ «ጥበበኛ» ወይም እንዳለ «አስማተኛ» እላለሁ፤ ከዚያ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳለሁ። «ዘንዶ» ካልኩ ሰሚዬ ትልቅ እባብ ያያል። «ደራጎን» ካልኩ ግን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል የሚያውቀው አውሬ ወዲያው ፊቱ ይመጣል።

የሰውን እምነት «ፋንታሲ» ብሎ መጥራት

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እኛ የምንኖረው ከሐረር የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ሐረር ጅብ ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ ይበላል። በዓሹራ ቀን በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብለታል፤ አበላሉም ስለ መጪው ዓመት ይናገራል ተብሎ ይታመናል። ጂን የሚለው ቃል ደግሞ በየቤቱ አለ፤ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያነሱት።

ከእኛ መካከል አንዱ አንዲት እናት ስለ ጅን ሲያወሩ ሰምቶ «ውይ እማማ፣ ይሄማ ምርጥ ፋንታሲ ነው!» አላቸው። ማድነቁ ነበር። እሳቸው ግን ወሬያቸውን አቋረጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ አላወሩለትም። ልክ ናቸው። እኛ መጽሐፉን ስንከፍት የሌለ ነገር መሆኑን ተስማምተን ነው። እሳቸው የሚያወሩት የሚፈሩትንና የሚያከብሩትን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መደመር ያስቀይማል። ማዳመጥ፣ መጠየቅ፣ ማመስገን ይበቃል።

«ለማያነብ ሰው አይገባውም» ማለት

ጠረጴዛችን አጠገብ አንዳንዴ መጽሐፍ የማያነቡ ጓደኞች ይቀመጣሉ። ለረጅም ጊዜ ዘለልናቸው። «ዱን»ን ሳወራ ግን በመጽሐፉ ያለ አንድ የማዕረግ ስም ጠቀስኩ፦ «ሊሳን አል-ጋይብ»። መጋላ በሚባለው ሰፈር ያደገ፣ በልጅነቱ ቁርኣን የቀራ ጓደኛችን ብድግ አለ። «ጋይብ እኮ የማይታየው ማለት ነው። ሊሳን ምላስ ነው። የዚያ የማይታየው ነገር ምላስ!» እኔም ወዲያው ገባኝ፤ ልሳን የኛም ቃል ነው። ያንን ስም ስንት ጊዜ አይቼው እንደ ተራ ድምፅ አልፌው ነበር። ኸርበርት ለበረሃው ሕዝብ ብዙ ቃል ከዐረብኛ እንደወሰደ አውቃለሁ። ቃሉን ሰምቶ የሚፈታልኝ ሰው ግን አጠገቤ ሻይ ሲጠጣ ነበር። ሳይንስ ልብ ወለድ አንድም አላነበበም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች

ፊልሙን ያየን ሰው «መጽሐፉን ሳታነብማ» እያላችሁ አታሸማቅቁ። የወደደውን ትዕይንት ጠይቁት፤ ከዚያ መጽሐፉ ውስጥ እንዴት እንደተጻፈ አንብቡለት። በስልክ የሚያነበውንም፣ በጆሮው የሚሰማውንም እንዲሁ።

የያዛችሁትን መጽሐፍ ደግሞ ሳትጨርሱ አታውሱ። እኔ «ሦስት ቀን ብቻ» ብዬ ሰጥቼ አምስት ወር ጠብቄአለሁ። ሲመለስ የት ደርሼ እንደነበር ጠፋኝ። አሁን ሳልጨርስ ማዋስ ግድ ከሆነብኝ የደረስኩበትን ገጽ ከኋላ ሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ እጽፋለሁ። የወሰደውም ከሥሩ የራሱን ይጽፋል። አንዱ መጽሐፌ ላይ እስካሁን የአራት ሰው ቁጥር አለ፤ ሦስቱ ያቆሙት አንድ ምዕራፍ ላይ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ስለዚያ ምዕራፍ እንነጋገራለን።