የበግ አጎዛ እቤት ውስጥ እንዴት ይለፋል?

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ "ቁርበት አንጥፉልኝ" አለ ይባላል። የኛ ሰፈር ጅብ ግን አንጥፉልኝ አይልም፤ ራሱ ይዞት ይሄዳል። የምንኖረው ሱሉልታ ዳር ነው። የመጀመሪያ አጎዛዬን ግቢ ወጥሬ አሳደርኩ፤ ጠዋት ያገኘሁት ችካሎቹን ብቻ ነው።

ድሮ በበዓል ማግስት ቆዳ ገዢ በየሰፈሩ እየጮኸ ይዞር ነበር። ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ብዙው ቆዳ ቦይ ውስጥ ይጣላል። የናንተን አትጣሉት። ግን ቀላል ነው አልልም። "ለፋ" የሚለው ቃል ለደከመ ሰውም ለለሰለሰ ቆዳም የሚሆነው ያለ ነገር አይደለም።

ስራው ከእርዱ ይጀምራል። አራጁ የሆዱን ቆዳ ከከፈተ በኋላ ቢላውን አስቀምጦ በጡጫው እየገፋ እንዲገፍ ለምኑት። ቢላ የጫረው ቦታ ኋላ ሲወጠር ይቀደዳል። ታሞ የሞተ በግ ቆዳ ግን በፍጹም አትንኩ፤ አባሰንጋ ከቆዳም ወደ ሰው ይተላለፋል።

ሙቀቱ እስኪወጣለት ጥላ ላይ ዘርጉት። ከዚያ በዚያው ቀን 1 ኪሎ ያህል ጨው በስጋው በኩል እሹት፤ ጠርዙን አትርሱ። "ነገ እደርሳለሁ" ካላችሁ ጸጉሩ እየተነቀለ በእጃችሁ ይቀራል። ዘንበል ያለ ጣውላ ላይ 2 ቀን ይቆይ፤ ውሃው ይንጠባጠብ። ቀጥሎ ጨዉን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጸጉሩን በሳሙና እጠቡ። ሙቅ ውሃ ቆዳውን ያኮማትረዋል።

አሁን መፋቅ ነው። ልሙጥ ግንድ ላይ የስጋውን በኩል ወደ ላይ አድርጋችሁ አንጥፉት። በዶለዶመ ቢላ ስጋውን፣ ሞራውን፣ በተለይ ያንን ስስ ነጭ ሽፋን ግፉ። ሽፋኑ ከቀረ የምትቀቡት ነገር ወደ ውስጥ አይገባም። የጸጉሩ ስር መታየት ከጀመረ ደግሞ አብዝታችኋል፤ እዚያ ቦታ ላይ አቁሙ። የቆዳ ሙያተኞች ለዘመናት ሲናቁ ኖረዋል። አንድ ቆዳ ፍቃችሁ ስትጨርሱ ወገባችሁ ይፈርድላቸዋል።

ከዚያ እምቧይ። ቢጫ ፍሬው በየመንገዱ ዳር ሞልቷል። ሁለት እፍኝ ወቅጣችሁ በስጋው በኩል እሹት፤ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱ ድገሙት። ፍሬው መርዛም ስለሆነ ጓንት አድርጉ፤ ልጆችም አይጠጉ። በሚቀጥለው ቀን ጠራርጉና ጥላ ላይ ወጥሩት። ፀሐይ ያደርቀዋል እንጂ አያለፋውም።

ግማሽ ሲደርቅ፣ ገና እርጥበት ሳይለቀው፣ ታምሶ የተወቀጠ ተልባ ወይም የቆየ ቅቤ ቀቡት። ድሮ ጉሎም ይጠቀሙ ነበር፤ ፍሬው መርዝ ስለሆነ እቤት መውቀጡን አልወደውም። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የአጋዘን ቆዳ የሚያለፉት በእንስሳው አንጎል ነው፤ ኋላም በጭስ ያጥኑታል። ነገሩ ያው ነው፦ ቅባቱ ገብቶ ቆዳው ሲደርቅ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ማድረግ።

ከዚህ በኋላ ጉልበት ብቻ ነው። ጠቅልላችሁ በእግር ርገጡት። ፈትታችሁ ወፍራም ገመድ ላይ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። አረፍ ብላችሁ ድገሙት። እየደረቀ ሳለ ከተዋችሁት እንደ ጣውላ ይገግራል። ከገገረም አይጣልም፤ በእርጥብ ጨርቅ አርሱት፣ ቀቡት፣ እንደገና ርገጡት። የስጋው በኩል እየነጣ፣ እንደ ጨርቅ እየታጠፈ ሲመጣ ለፍቷል። ጸጉሩን አበጥሩት።

ይህ የፋብሪካ ቆዳ አይደለም፤ ዝናብ ከመታው ይገግራል። እስኪደርቅ ድረስ ደግሞ ማታ ማታ ቤት አስገቡት። ሽታው ይከብዳል፣ ግን ባዶ ችካል ከማግኘት ይሻላል።