ያረጀ የአልሙኒየም ጀልባ ሲያፈስ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ገላን ላይ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው የብየዳ ቤቴ ደጃፍ ጀልባ ተገልብጦ ብታዩ አይግረማችሁ። ባሕር ባይኖረንም ቢሾፍቱ፣ ቆቃ፣ ዝዋይና ላንጋኖ አሉን። ባለ ጀልባው ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚለኝ አንድ ነው፤ «ወንድሜ፣ እዚህች ጋ ትንሽ ያዝ አድርግልኝ።» እኔ ደግሞ ማሽኑን ከማስነሳቴ በፊት «ለምን ተሰነጠቀ?» እላለሁ። ላሜራ ዝም ብሎ አይሰነጠቅም። አንድ ቦታ ላይ ሲወዛወዝ ኖሮ ነው። ውዝዋዜው ካልቆመ ስንጥቁ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም።

ውሃ ይገባል፣ ስንጥቁ ግን አይታይም

መጀመሪያ የውሃ ማውጫውን ክዳን እዩ። ጎማው ደርቆ ከሆነ ጎማ ቀይሩ፣ አለቀ።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ጀልባውን ከፍ አድርጋችሁ ውስጡ ውሃ ጨምሩና ከስር የሚንጠባጠበውን ተከታተሉ። ብዙ አትሙሉ። ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ወለል ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ 150 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ከስሩ ብዙ ቦታ ላይ ደግፉት፤ አለበለዚያ በፍተሻ ሰበብ ሌላ ስንጥቅ ትፈጥራላችሁ።

ለፀጉር ቀጭን ስንጥቅ ነጭ ጋዝና ጠመኔ የሚያህል የለም። ጠመኔውን ፈጭታችሁ በውሃ በጥብጡና ውጪውን ቀቡ። ሲደርቅ ከውስጥ በኩል ነጭ ጋዝ አብሱበት። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ጋዙ በስንጥቁ ሾልኮ ጠመኔው ላይ እርጥብ መስመር ያወጣል። ሁለቱን ጫፎች በማርከር ምልክት አድርጉባቸው። በእርሳስ ግን አይሁን፤ የእርሳስ ካርቦን እርጥበት ሲያገኝ አልሙኒየም ይበላል።

የሚያፈሰው ሪቬት (ላሜራዎቹን አጣብቆ የያዘው ባለ ጭንቅላት ሚስማር) ከሆነ ዙሪያው ላይ ጥቁር ቀለበት ታያላችሁ። ሲላወስ የተፋቀ የአልሙኒየም ብናኝ ነው። አንድ ሰው ከውጪ ጭንቅላቱ ላይ ከባድ ብረት ይደግፍ፣ ሌላው ከውስጥ ጫፉን በመዶሻ ይምታ። ቀዳዳው ሰፍቶ ሞላላ ከሆነ ግን መምታቱ አይጠቅምም፤ አውጥቶ በወፍራም ሪቬት መተካት ነው።

ተበይዶ ነበር፣ ከብየዳው ጎን እንደገና ተሰነጠቀ

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ሰውየው ሁለት ጊዜ ከፍሎበታል። የብየዳ ሙቀት ከጎኑ ያለውን ላሜራ ያለሰልሰዋል። ውዝዋዜው ካልቆመ የሚበጠሰው በዚያው ልል ቦታ ነው።

ስለዚህ ወለሉን አንስታችሁ ከውስጥ ፈልጉ። የጀልባው የጎድን አጥንት፣ ማለትም ላሜራውን ከውስጥ የሚደግፈው አግዳሚ፣ ተሰብሯል? የወንበሩ ሪቬቶች ላልተዋል? ከኋላ ሞተሩ የሚንጠለጠልበትን እንጨት በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ውስጡ በስብሷል። ሞተሩ ጀልባው ከሚችለው በላይ ትልቅ ሊሆንም ይችላል። አይሱዙ ላይ ሲጫን በአንድ ቧንቧ ላይ ብቻ ተንተርሶ ኮረኮንች ላይ የተንገጫገጨም አለ።

መጀመሪያ ይሄ ይጠገን። ቀጥሎ ከስንጥቁ ሁለት ጫፎች ትንሽ አለፍ ብላችሁ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱ። ክብ ቀዳዳ ጉልበቱን ስለሚበትነው ስንጥቁ እዚያ ይቆማል። ይህን የዘለለ ብየዳ ዕድሜው አጭር ነው።

ብየዳው እንደ ወንፊት ተበሳሳ፣ ወይም ላሜራው ተደረመሰ

አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ላዩ ላይ እንደ ቆዳ የሸፈነው ስስ ኦክሳይድ ግን 2,000 ዲግሪን አልፎ ነው የሚቀልጠው። ቆዳው ሳይቀልጥ ውስጡ ይፈሳል። እንደ ብረት ቀልቶም አያስጠነቅቅም። ወንፊቱን የሚያመጣው ደግሞ እርጥበትና ቅባት ነው።

ነጭ ጋዙ ሙልጭ ብሎ ይውጣ። በአሴቶን አጽዱ፣ ይድረቅ፣ ጠርሙሱንም አርቁ። ከዚያ ብረት ነክቶ በማያውቅ የስቴንለስ ሽቦ ብሩሽ ፈትጉ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ቅባቱ ሳይወጣ ከፈተጋችሁ ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ክሎሪን ባለበት ማጽጃ በጭራሽ አትጠቀሙ፤ የብየዳ ብርሃን ሲያገኘው ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል። ነዳጅ ታንኩ ይውረድ፣ ከወንበር ስር ያለው ፎምም ይውጣ።

ብየዳው ቲግ (በተንግስተን ዘንግ፣ በጋዝ እየተከለለ የሚበየደው)፣ ጋዙ ንጹህ አርጎን፣ ማሽኑም ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ላይ ይሁን። ላሜራው 5052 የሚባለው የአልሙኒየም ዓይነት ከሆነ 5356 የሚባለው የብየዳ ሽቦ ይስማማዋል። እኛ ሰፈር ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ አርጎኑን ጠርጎ ይወስደዋል። እኔ ጠዋት እሠራለሁ፣ በሸራም እከልላለሁ።

ስንጥቁ ሪቬት መስመር አጠገብ ከሆነ አለመበየድ ይሻላል። ሙቀቱ በመጋጠሚያው ያለውን ማሸጊያ ያቃጥላል። ተመሳሳይ ላሜራ ቆርጣችሁ፣ ማዕዘኖቹን አክብባችሁ፣ ስንጥቁን በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያልፍ አድርጋችሁ ለጥፉ። በመካከሉ ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይግባ፤ ሪቬቱም ጫፉ ድፍን የሆነው ይሁን። በሽጉጥ የሚጨመቀው ተራው ሪቬት መሃሉ ክፍት ስለሆነ ያፈሳል። ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት መሸፈን ነው፤ መጀመሪያ ሲናወጥ ይረግፋል።

ነጭ ዱቄትና ትናንሽ ጉድጓዶች

ይሄ ስንጥቅ ሳይሆን መበላት ነው። የብረት ቡሎን፣ የመዳብ ሽቦ፣ ወለሉ ስር የወደቀ የናስ ሳንቲም እንኳ እርጥበት ላይ አልሙኒየሙን ይበላል። ያንን አውጡ፣ በስቴንለስ ቡሎን ተኩ፣ ከስሩ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ አድርጉበት። ጉድጓዱ አልፎ ከተበሳ እንደ ስንጥቁ ይለጠፋል።

ሲያልቅ በውሃ አሳድራችሁ ፈትሹ፣ ከዚያ ለአልሙኒየም የሚሆን ፕራይመር ቀቡ። ሐይቁ ላይ የመጀመሪያው ቀን ሞተሩን አስነሱና መዳፋችሁን የተጠገነው ቦታ ላይ አሳርፉ። ከዙሪያው ይልቅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ዳር ተመለሱ፤ ያልጠበቀ የጎድን አጥንት አለ።