አስተማማኝ መካከለኛ ክሩዘር ሞተር እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይያዛል

ክሩዘር ሞተር (ዝቅና ረዘም ያለው፣ ተደላድለው የሚነዱት) ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ክሮሙ፣ ሰፊው መሪና ዱግ ዱግ የሚለው ድምፅ ነው፣ እኔም የመጀመሪያዬን የገዛሁት በሱ ተታልዬ ነው አልዋሽም። ግን አንድ መካከለኛ ክሩዘር ላይ አስር አመት የቆየ ሰው ካገኛችሁ ለምን አልቀየርከውም ብላችሁ ጠይቁት እስቲ፣ ስለ ክሮሙ አያወራችሁም፣ «ጠዋት ስነካው ይነሳላ» ነው የሚላችሁ። በቃ ይሄ ነው ነገሩ። የሚወደው ስለማያስቸግረው ነው፣ የማያስቸግረው ደግሞ ኢንጂኑ ሰነፍ ስለሆነ ነው። ስድብ አይደለም፣ አሁን አስረዳለሁ፣ ይሄ ከገባችሁ የትኛውን እንደምትገዙም እንዴት እንደምትይዙትም ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው።

መካከለኛ የምለው ከ500 እስከ 900 ሲሲ ገደማ ያለውን ነው። ሆንዳ ሻዶው 750 (ልኩ 745 ሲሲ ነው)፣ ያማሃ ቪ ስታር 650 ወይም በሌላ ስሙ ድራግ ስታር (649)፣ ሱዙኪ ቡሌቫርድ ሲ50 (805)፣ ካዋሳኪ ቫልካን 900 (903)፣ ከአዳዲሶቹ ደግሞ ቫልካን ኤስ (649)፣ ሆንዳ ሬብል 500 (471)፣ ሮያል ኢንፊልድ ሱፐር ሜቴዎር 650 (648)። ሻዶው 745 ሲሲ ይዞ የሚያወጣው 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፣ 600 ሲሲ የሆነ የስፖርት ሞተር ግን ከ100 በላይ ያወጣል፣ እና ይሄን ቁጥር ብቻ አይቶ «ታዲያ ይሄ ምን ሞተር ነው» የሚል አይጠፋም። ልዩነቱ ስፖርቱ ያን ጉልበት የሚሰጠው በደቂቃ ከ10 ሺ ዙር በላይ ሲጮህ ነው፣ ሻዶው ግን ዋናውን የመጎተት አቅሙን 3 ሺ 4 ሺ ዙር ላይ ሰጥቶ ጨርሷል። ማርሽ ሳትቀንሱ ጋዝ ስትሰጡት ዝም ብሎ ይጎትታል። ኢንጂን ደግሞ በዝግታ በዞረ ቁጥር የሚበላውም የሚግለውም ያንሳል፣ ሊያወጣ ከሚችለው በታች እንዲሰራ ተደርጎ የተሰራ ስለሆነ እድሜው ይረዝማል። ሰነፍ ያልኩት ይሄን ነው።

ድምፁ የሚመጣው ደግሞ ከሲሊንደሮቹ አቀማመጥ ነው። አብዛኞቹ ሁለት ሲሊንደር በቪ ቅርፅ ነው ያላቸው፣ ሲ50 በ45 ዲግሪ፣ ሻዶው በ52፣ ቪ ስታር 650 በ70፣ ፍንዳታው እኩል ተራርቆ ስለማይመጣ ነው ያ ዱግ... ዱግ ዱግ የሚለው። ቫልካን ኤስና ሬብል 500 ግን ሲሊንደራቸው ጎን ለጎን ነው፣ ኢንጂናቸውም ከስፖርት ዘመዶቻቸው የመጣ ነው፣ የቫልካን ኤሱ ከኒንጃ 650 ተወስዶ ለታች ዙር የተስተካከለ ነው። ድምፁ ያን ያህል ልብ አይነካም፣ ግን አስተማማኝነቱ ላይ ምንም አይወጣለትም። ለድምፅ ብቻ ብላችሁ ጥሩ ሞተር አትለፉ።

ስትመርጡ መጀመሪያ ሳትነዱት ተቀመጡበት፣ ዝም ብላችሁ አምስት ደቂቃ። የሬብል ወንበር ከመሬት 690 ሚሊሜትር ነው የቫልካን ኤስ 705፣ ስለዚህ አጭር ሰውም ሁለት እግሩን ሙሉ ለሙሉ መሬት ያስነካል፣ ይሄ በተለይ ለጀማሪ ከምንም በላይ ነው ምክንያቱም ሞተር በብዛት የሚወድቀው በፍጥነት ሳይሆን ቆሞ ነው። ግን እግር መርገጫው በጣም ወደ ፊት የሄደ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ከሁለት ሰአት መንገድ በኋላ ግን ክብደታችሁ በሙሉ ወገባችሁ ላይ ያርፋል። የኋላ ሾካቸው ደግሞ አጭር ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ 10 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፣ እግር ወደ ፊት ስለተዘረጋም ጉድጓድ ሲመጣ ብድግ ብላችሁ ማሳለፍ አትችሉም። ለዚህ መድኃኒቱ ቀስ ማለትና ጥሩ ወንበር ነው፣ ሌላ የለውም።

ከዛ ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ በምን እንደሚሄድ እዩ፣ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ ሲገዛ ይገርመኛል። ሰንሰለት፣ ቺንጋ ወይም ሻፍት ነው። ሰንሰለት ርካሽና ቀላል ነው ግን በየ 500 እስከ 1000 ኪሎሜትር ቅባት ይፈልጋል፣ መወጠር አለበት፣ ጎማውንም ልብሳችሁንም ያቆሽሻል። ቺንጋ (ቫልካን 900 ላይ ያለው) ንፁህና ዝምተኛ ነው፣ ቅባት አይፈልግም፣ ጠላቱ ትንሽ ጠጠር ናት፣ በቺንጋውና በጥርሱ መሀል ገብታ ትበሳዋለች፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ በባትሪ መብራት ዙሪያውን እዩት። ሻፍት (ቪ ስታር 650፣ ሲ50) የሰነፍ ሰው ምርጫ ነው፣ የኔም ምርጫ ነው ማለቴ ነው። ትንሽ ክብደት ይጨምራል ግን ዘይቱን በጊዜው ከቀየራችሁ ትረሱታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፣ የኋላ ጎማ ለመቀየር ቸርኪው ሲወጣ ሻፍቱ ከቸርኪው ጋር የሚያያዝበት ጥርስ ተጠርጎ ግሪስ ይቀባ፣ ብዙ ጎማ ቀያሪ ይሄን ያልፈዋል፣ ደርቆ የተበላ ጥርስ ደግሞ አይጠገንም፣ ይቀየራል እንጂ። እና በስም አትመኑ፣ ሻዶው 750 በሚል ስም ብቻ ሰንሰለት ያለውም ሻፍት ያለውም አለ፣ ጎንበስ ብላችሁ በአይናችሁ እዩ።

አሁን ያገለገለ ስትገዙ። ሻጩን ቀድማችሁ «ሳልመጣ እንዳታስነሳው» በሉት፣ ስትደርሱ እጃችሁን ኢንጂኑ አጠገብ አድርጉ፣ ትኩስ ከሆነ ሌላ ቀን ተመለሱ። እኔ አንዴ ስደርስ ትኩስ ነበር፣ «አሁን ዞር ዞር ብዬበት መጣሁ» አለኝ፣ አመንኩት ገዛሁት፣ በማግስቱ ጠዋት ባትሪው እስኪሞት ሞቶሪኖ ሳዞር ነው ያረፈድኩት፣ ለካ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው) ተደፍኖ ነው፣ አንዴ ከሞቀ ይሰራል ሲቀዘቅዝ እምቢ ይላል። ቀዝቃዛ ሲነሳ ቾክ ቢፈልግ ችግር የለውም፣ ከሞቀም በኋላ ቾክ ካልተሳበ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) የማይዝ ከሆነ ግን የካርቡሬተሩ ትንሿ ቀዳዳ ተደፍናለች ማለት ነው፣ ዋጋው ላይ ተከራከሩበት። ካርቡሬተር ጭንቅ ከሆነባችሁ ኢንጄክሽን (ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ እየለካ የሚረጭ) ያለውን ፈልጉ፣ ለምሳሌ ሲ50 ከ2005 ጀምሮ ኢንጄክሽን ነው።

ብዙ ሰው «15 አመቱ ነው ግን 4 ሺ ኪሎሜትር ብቻ ነው የሄደው» ሲባል አይኑ ይበራል። የኔን ሀሳብ ልንገራችሁ፣ በየሳምንቱ እየተነዳ 50 ሺ የሄደውን እመርጣለሁ። የቆመ ሞተር ቤንዚኑ ሙጫ ይሆናል፣ ታንከሩ ከውስጥ ይዝጋል (ክዳኑን ከፍታችሁ መብራት አብርታችሁ እዩ)፣ ጎሚኒው ይደርቃል፣ ጎማው ይሰነጠቃል። ጎማው ጎን ላይ አራት አሀዝ አለ፣ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው ማለት ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ ካረጀ ድርቅ ይላል፣ እርጥብ መንገድ ላይ አይይዝም። የፊት ሾኩ የሚያብረቀርቀው ብረት ላይ የዘይት ቀለበት ካያችሁ ፓራኦሊው (ዘይቱን እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ሄዷል። የፊት ጎማውን ከመሬት አስነስታችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ ግራ ቀኝ አዙሩት፣ መሀል ላይ ቅጭ ብሎ የሚይዝ ነገር ካለ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ትንሽ ቆይታ አድርጉ ምክንያቱም ኢንጂናቸው የማይሞት ሞተሮች መንገድ ላይ የሚያስቀሩት በኤሌክትሪክ ነው። ቀላል የቮልት መለኪያ ይበቃል። ጠፍቶ እያለ ባትሪው 12.6 ቮልት ገደማ፣ ተነስቶ ትንሽ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዛ በታች ከሆነ አይሞላም፣ በላይ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ሬክቲፋየሩ (ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያስተካክለው) ጋ የሚሄደውን የሽቦ መጋጠሚያ ፕላስቲክ ነቅላችሁ እዩ፣ ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ ሊያስቀራችሁ እየተዘጋጀ ነው። ማርሽ ስታስገቡ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ፣ መጀመሪያ የጎን ማቆሚያው ሙሉ በሙሉ መታጠፉን እዩ፣ ከታጠፈ ደግሞ እዛ ያለችው ትንሿ ማብሪያ ማጥፊያ ጭቃ ነክቷት ይሆናል፣ ሰው በዚህች የተነሳ አዲስ ባትሪ ገዝቷል።

አያያዙ ላይ ከሁሉም በላይ ዘይት ነው። የነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮን በኢንጂን ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሰራው፣ ለመኪና የተሰራ ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት ደግሞ የሚያንሸራትት ነገር ተጨምሮበታል፣ ስለዚህ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (JASO MA፣ MA2፣ ለእንዲህ አይነት ፍሪሲዮን የሚሆን ዘይት ምልክት ነው) የሚል ይኑር። ይሄን ሳላውቅ የመኪና ዘይት አፍስሼ አቀበት ላይ ኢንጂኑ እየጮኸ ሞተሩ አይሄድም፣ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ ብዬ ሳለቅስ አንድ የቆየ መካኒክ ዘይቱን በጣቱ አሽቶ ሳቀብኝ። ሁለቴ ዘይት ቀይሬ ዳነ፣ እድለኛ ነበርኩ። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ይስባል፣ ቢያንስ በየሁለት አመቱ ይቀየር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ኩላንቱም እንደዛው። የቫልቭ ክፍተት ከሞተሩ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ በሚለው ኪሎሜትር ይታይ፣ ድምፅ ስለሌለው ደህና ነው አትበሉ፣ የጠበበ ቫልቭ አይጮህም ዝም ብሎ ነው የሚቃጠለው። ከወር በላይ የምታቆሙት ከሆነ ታንከሩን ሞልታችሁ የቤንዚን ማቆያ ጨምሩበት፣ ካርቡሬተር ካለው ከስሩ ያለችውን ቡሎን ላላ አድርጋችሁ ቤንዚኑን አውጡት፣ ባትሪውንም ንቀሉት።

አነዳዱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። እነዚህ ሞተሮች ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ብዙ አይጋደሙም፣ ኩርባ ላይ እግር መርገጫው አስፋልት ሲፍቅ ትሰማላችሁ፣ እሱ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ደንግጣችሁ ፍሬን ሳትይዙ ጋዙን እንደያዛችሁ ውጡ፣ በሚቀጥለው ቀስ ብላችሁ ግቡ። ፍሬን ላይ ደግሞ «የክሩዘር ፍሬን የኋላው ነው» የሚል ወሬ አለ፣ ረዥምና ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሆነ የኋላው ከስፖርት ሞተር ይልቅ ይሰራል እውነት ነው፣ ግን ብዙዎቹ ኋላ ያላቸው ከበሮ ፍሬን ነው፣ አብዛኛውን የሚያቆመው አሁንም የፊቱ ነው። ሁለቱንም አብራችሁ ተለማመዱ።

በዝግታ ስትዞሩ ግን መሪው ታጥፎ እያለ የፊት ፍሬን በጭራሽ እንዳትነኩ፣ ጠቅ ያደረጋችሁት እለት ተኝቷል። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ያዙ፣ የኋላውን ፍሬን በስሱ ርገጡ፣ አይናችሁን ወደምትሄዱበት እንጂ ወደ መሬት አታድርጉ። ባዶ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ይሄን ብቻ ብትለማመዱ ከምንም ኮርስ ይሻላል።

ከወደቀ ግን (ይወድቃል) በእጅ ጉልበት ለማንሳት አትሞክሩ፣ ከ190 እስከ 280 ኪሎ ነው የሚመዝኑት። ቁልፉን አጥፉ፣ ማርሽ ውስጥ ይሁን፣ መሪውን ወደ ወደቀበት በኩል እስከመጨረሻ አጥፉት፣ ጀርባችሁን ለወንበሩ ሰጥታችሁ ቁጢጥ በሉ፣ አንድ እጅ መሪውን አንድ እጅ ከወንበሩ ስር ብረት ያዙና ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ በእግራችሁ ግፉት። በቀኝ በኩል ከወደቀ ከማንሳታችሁ በፊት የጎን ማቆሚያውን አውርዱት፣ እኔ ሳላወርድ አነሳሁትና በግራ በኩል መልሼ ጣልኩት፣ በዛ ሳምንት ሁለት ስፔኪዮ ነው የገዛሁት።