ልጅ ለመጠየቅ ለሚላክ ሽማግሌ

ሴት ልጅ ለመጠየቅ የሚሄድ ሽማግሌ ብዙውን ሥራ የሚጨርሰው ከመሄዱ በፊት ነው። ሰው ቤት ደርሶ የሚያሳፍረው የላከውን ልጅ በቅጡ አለማወቁ ነው።

ስለዚህ «እሺ» ከማለትዎ በፊት ወንዱን ለብቻው ያስቀምጡና ይጠይቁት። ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቃል? ፈትቶ ከሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔው በእጁ አለ? ልጅስ? ሥራው፣ ሃይማኖቱ፣ መኖሪያው? እነዚህ ሁሉ መጠየቃቸው አይቀርም። የልጅቷን ፈቃድ ደግሞ በስልክም ቢሆን ከራሷ አንደበት ይስሙ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ነጻና ሙሉ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዕድሜውንም ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል። ሳታውቅ ወይም ዕድሜዋ ሳይደርስ ጠይቁልኝ ከተባለ አልሄድም ይበሉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የዘር ቆጠራው ይመጣል። ሕጉ በሥጋ ዝምድና የሚከለክለው ከወላጅና ከተወላጅ ሌላ እኅትና ወንድምን፣ አክስትና አጎትን ነው፤ በባህል ግን በብዙ ቤት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የወንዱን አያቶችና ቅድመ አያቶች በአባትም በእናትም በኩል ከነትውልድ አገራቸው በወረቀት ያስጽፉ። የከተማ ልጅ የአባቱን ወገን ከመታወቂያው ላይ እስከ አያቱ ያነባል፤ የእናቱን ወገን ግን ሳይጠይቅ አያውቀውም። ዝምድና ሳይታሰብ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ በዚያው በእናት በኩል ነው። ቀለበት ከተገዛ በኋላ ከሚሰማ ቀድሞ ቢታወቅ ለሁለቱም ቤት ይሻላል።

ከ3 እስከ 5 ሰው ይበቃል። አንድ የንስሐ አባት ወይም በሃይማኖቱ የተከበረ ሰው፣ አንድ የቅርብ ዘመድ፣ አንድ ወንዱን ከልጅነቱ የሚያውቅ ጎረቤት ቢሆኑ ጥሩ ነው። ከልጅቷ ቤተሰብ ጋር የሚተዋወቅ ከተገኘማ ነገሩ ይቀላል። ተናጋሪው አንድ ብቻ ይሁን፤ ሦስቱም ከተናገሩ አንዱ ያላሰበውን ቃል ይገባል። የልጅቷ አባት በሕይወት ከሌሉ ወይም ውጭ አገር ከሆኑ መልስ የሚሰጠው አጎቷ ይሁን ታላቅ ወንድሟ አስቀድመው ከእሷ ይጠይቁ። የማይመለከተውን ሰው ቀድሞ መጠየቅ ቤተሰቡን ያስቀይማል።

ሲደርሱ ቆመው ሰላምታ ይስጡ። ተቀመጡ ሲባሉ ተናጋሪው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ተቀመጡና እንሰማለን» ከተባለ በኋላ ግን ይቀመጡ፤ ከዚያ በላይ ግትር ማለት ደግ አይደለም። ጥያቄው አጭር ይሁን፦ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ ልጃችንንም እንደ ልጅ እንዲቀበሉልን ለምነን መጥተናል።» ከዚያ ማንነቱን፣ የማን ልጅ እንደሆነና ሥራውን ይናገሩ። የሌለውን ሀብት አይጨምሩ፤ ልጅም ካለው አይደብቁ።

በመጀመሪያው ቀን እሺታ አይጠብቁ። «ከዘመድ እንምከርበት» ብለው ቀጠሮ ቢሰጡ ወጉ ነው፤ ልጅቷን የሚጠይቁትና ስለ ወንዱ የሚያጣሩት በዚያ ጊዜ ነውና አያጣድፏቸው። በቀጠሮው ቀን የሚሄዱት ያው ሰዎች ይሁኑ።

ነገር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በጥሎሽ ላይ ነው። ስለ ወርቅ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ እንግዳ ብዛት ከተነሳ ወንዱ የፈቀደልዎትን ብቻ ይናገሩ። ከዚያ ያለፈ ከመጣ «ጠይቀን እንመለሳለን» ማለት ነውር የለውም። በሞቅታ የተገባ ቃል ለአዲሶቹ ተጋቢዎች ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

እሺ ከተባለ ተመርቀው፣ የቀረበውን ቀምሰው ይውጡ። የሰርጉን ቀን ቤተሰቦቹ ይወስኑ፤ ኦርቶዶክሳውያን ከሆኑ ግን ዐቢይ ጾምንና ከኅዳር 15 እስከ ገና ያለውን ጾመ ነቢያት እንዲያስታውሱ ያድርጉ። ጥር ላይ አዳራሽ የሚጣበበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጋብቻው በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከሆነ ለእያንዳንዱ ተጋቢ 2፣ በድምሩ 4 ምስክሮች ይፈርማሉ። በሃይማኖት ወይም በባህል ከተጋቡም በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ይንገሯቸው። ለምስክርነት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ስለሚጠሩ መታወቂያዎ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ከወዲሁ ይዩ።