ማውንቴን ባይክ ላይ የኮርሳ መሪ ሲገጠም የሚፈጸሙ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት፣ ከፊት ሞላ የሌላቸው የብረት ማውንቴን ባይኮች ሰፊ ጎማ የሚቀበሉና ለኮረኮንች መንገድ የሚመቹ ስለሆኑ፣ ቀጥ ያለውን መሪያቸውን አውጥቶ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለውን የኮርሳ (የጎዳና ውድድር ብስክሌት) መሪ መግጠም የሚፈልግ ብዙ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ጆን ቶማክ በጎዳና ውድድርም ይሳተፍ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የተራራ ውድድሮች ላይ የኮርሳ መሪ ይዞ ቀርቧል። ሆኖም ሁለት ዕቃዎች በብሎን ተጣበቁ ማለት አብረው ይሠራሉ ማለት አይደለም፤ ገንዘብ የሚያባክኑትም ሆነ ለአደጋ የሚያጋልጡት ስህተቶች የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት መሪውን በዓይን ገምቶ መግዛት ነው። የድሮ ማውንቴን ባይክ የመሪ አንገት (መሪውን ከብስክሌቱ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው 25.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን መሪ ሲሆን፣ የቆዩ የኮርሳ መሪዎች በብዛት 26.0፣ አዳዲሶቹ ደግሞ 31.8 ሚሊ ሜትር ናቸው። ስድስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ከቁጥር የማይገባ ስለሚመስል አንገቱን በመፍቻ ከፍቶ ለማስገባት የሚሞክር አይጠፋም፤ በግዳጅ የተከፈተ አንገት ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፣ መሪው ደግሞ በጉዞ ላይ ሊነቀል የሚገባው ዕቃ አይደለም። በ25.4 የተሠሩ የኮርሳ መሪዎች ቢኖሩም ጥቂት ናቸው። መሪው የሚታሰርበት ቦታ ፊቱ የማይከፈት ከሆነም፣ የተጠማዘዘው መሪ በዚያ ቀዳዳ ማለፍ አለማለፉን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የርዝመት ጉዳይ ነው። የኮርሳ መሪ እጅን አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደ ፊት ይወስዳል፤ የማውንቴን ባይክ አካል ደግሞ ቀድሞውንም ረጅም ነው። የነበረውን ረጅም አንገት እንዳለ መተው ወገብንና ትከሻን ያስቀጣል። አጭርና ከፍ ያለ አንገት መግዛት የግድ መሆኑን ከጅምሩ በወጪው ውስጥ ማስገባት ይሻላል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የሚፈጸመው ፍሬን ላይ ነው። የኮርሳ የፍሬን እጀታ ሲጨበጥ የሚስበው ኬብል፣ ለቪ-ብሬክ (በሁለት ረጃጅም ክንዶች ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ለሚጨብጠው ፍሬን) የተሠራው እጀታ ከሚስበው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እኔ ራሴ ይህንን ያወቅሁት በመጀመሪያው ሥራዬ ነው፤ የቪ-ብሬኩን ላስቲክ ከቸርኬው ጋር ሊነካካ እስኪደርስ አቅርቤ ካሰርኩ በኋላ በቆመበት ስሞክረው ጥሩ ይመስል ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ግን እጀታው መሪውን እስኪነካ ጨብጬውም ብስክሌቱ እየሄደ ነበር፣ በመጨረሻ ያቆመኝ የጫማዬ ሶል ነው። ለዚህ መፍትሔው ለቪ-ብሬክ ተብሎ የተሠራ የኮርሳ እጀታ መግዛት፣ ወይም ክንዱ አጭር የሆነውን ሚኒ ቪ-ብሬክ መግጠም፣ አለዚያም የሚሳበውን የኬብል መጠን የሚያበዛ ትንሽ መዘውር መሃል ላይ ማስገባት ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ መዘውሩ ይሠራል፣ ነገር ግን ኬብሉን ያለጊዜው ያበላሸዋል።

የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ ቪ-ብሬክን ወደ ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ካንቲሌቨር ፍሬን (ሁለት አጫጭር ክንዶቹ ከላይ መሃል በሚመጣ ኬብል የሚሳቡ) አለው፤ ይህ ደግሞ ከኮርሳ እጀታ ጋር በደንብ ይስማማል። ሆኖም እዚህም ወጥመድ አለ፦ በብዙ የድሮ ብስክሌቶች የፊት ፍሬን ኬብል ሽፋን የሚቆመው መሪ አንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ነውና፣ አንገቱ ሲቀየር ማቆሚያውም አብሮ ይሄዳል። ምትክ ማቆሚያ ሳይገዙ ሥራ የጀመሩ ሰዎች ብስክሌቱን ፈትተው ቀናት ይጠብቃሉ። ሃይድሮሊክ (በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ) ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ላይ ደግሞ በኬብል የሚሠራ እጀታ በቀጥታ ሊያያዝ አይችልም።

ማርሽን በተመለከተ የጥርሶቹን ብዛት ብቻ ማመሳሰል አይበቃም፤ ወሳኙ መቀየሪያው በአንድ ጠቅታ የሚስበው ኬብልና ዲሬይለሩ (ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውረው ክፍል) የሚጠብቀው መጠን መስማማታቸው ነው። የሺማኖ የኋላ ዲሬይለሮች እስከ 9 ማርሽ ድረስ፣ ዱራ-ኤስ ከተባለው የድሮ የኮርሳ ዕቃው በስተቀር፣ የኮርሳውም የተራራውም በአንድ ልክ የሚሠሩ ስለሆኑ ባለ 9 የኮርሳ መቀየሪያ ከባለ 9 የማውንቴን ባይክ ዲሬይለር ጋር ያለ ችግር ይሄዳል። ከ10 ማርሽ ጀምሮ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል፤ ስህተቱም «10 ለ10 ነው» ብሎ መግዛት ነው። የፊተኛው ዲሬይለር ከኮርሳ መቀየሪያ ጋር እምብዛም ስለማይስማማ፣ ያለ ጠቅታ በሰበቃ ብቻ የሚሠራ የመሪ ጫፍ መቀየሪያ መጠቀም ወይም የፊቱን ጥርስ አንድ ብቻ አድርጎ ነገሩን መገላገል ይቻላል። ካሴት (የኋላ ጥርሶች ስብስብ) ሲገዛም፣ ለ7 ማርሽ የተሠራ የኋላ ቋት አጭር በመሆኑ የ8ም ሆነ የ9 ሙሉ ካሴት እንደማይቀበል መታወስ አለበት።

ጎማውን ወደ 700 (የኮርሳ ብስክሌት የጎማ መጠን) መቀየር የሚያምራቸውም አሉ። የ26 ኢንች ጎማ የሚያርፍበት ቸርኬ 559፣ የ700ው ደግሞ 622 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ስላለው፣ የፍሬኑ ላስቲክ ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ በቸርኬ ፍሬን አይሞከርም።

የመጨረሻው ኬብሉ ራሱ ነው። የማውንቴን ባይክ የፍሬን ኬብል ጫፉ እንደ ትንሽ በርሜል ሲሆን የኮርሳው እንደ ፒር ፍሬ ሾጠጥ ያለና አነስ ያለ ነው፤ አንዱ በሌላው ጎጆ በትክክል አይቀመጥም። የማርሽ ኬብል ሽፋንም ለፍሬን አይሆንም፤ በውስጡ ያሉት ሽቦዎች በቁመታቸው የተደረደሩ እንጂ እንደ ፍሬኑ ሽፋን የተጠመጠሙ ስላልሆኑ፣ በኃይል ሲጨበጥ ሊፈነዳ ይችላል። ሽፋኑ ከመቆረጡ በፊት መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው ተዙሮ ኬብሉ አለመወጠሩ ይታይ፤ የመሪው ጨርቅ የሚጠቀለለው ከዚያ በኋላ ነው።