ሥራን ኮምቦልቻ ላይ ትቶ ደሴ መግባት እንዴት ይቻላል?

ከኮምቦልቻ ደሴ ለመድረስ የሐረጎን ዳገት መውጣት ግድ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ የታችኛውን ሙቀት ትቶ እየተጠማዘዘ ወደ ጦሳ ተራራ ብርድ ይዘልቃል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ እዚያ መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ የስንት ሰው ደመወዝ እንደሠራሁ ቆጥሬው አላውቅም። አንድ ምሽት እናቴ ቡና አፍልታ፣ እኔ ለቴሌግራም መልእክት መልስ እየጻፍኩ ሳለ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህ እኮ በረካው ነው» አለችኝ። አቦሉን መቼ እንደጠጣሁት አላስታውስም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያለውን የሥራ ዝለት ሲተረጉም በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው ያለው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንደ ቀድሞው ውጤታማ አለመሆን። ሦስተኛው ሲመጣ ሰው «ሰነፍኩ» ብሎ ይብሱን ሰዓት ይጨምራል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል «እሺ» ያሉትን ሁሉ በደብተር ይመዝግቡ። ማን ጠየቀ? በስንት ሰዓት? እስከ ነገ ቢቆይ ምን ይጎድል ነበር? የእኔ ደብተር አሳፈረኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሠራሁት አብዛኛው አለቃዬ ያላዘዘኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼን ፊት አይቼ የተቀበልኩት ነበር። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባልን አድገን «ቆይ» ማለት ይከብደናል፤ በእኔ ግምት ከክፉ አለቃ ይልቅ ይሉኝታ ብዙ ሰው ይጨርሳል።

ቀጥሎ ሕጉን ይወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ክፍያውም ቢያንስ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀናት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ፤ የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። አዋጁን አለቃ ፊት ዘርግቶ ማንበብ አያስፈልግም። ማወቁ ብቻ ድምፅን ያረጋጋል።

ከዚያ በሥራና በዕረፍት መካከል ላለው ድንበር ቦታና ሰዓት ይስጡት። የእኔ ድንበር ሐረጎ ነው፤ ዳገቱ ሲጀምር የሥራ ቴሌግራም ድምፁ ይዘጋል። ደሴ ውስጥ የሚሠራ ሰው ፒያሳን ወይም የራሱን የግቢ በር ሊመርጥ ይችላል። ዋናው ነገር አስቀድሞ መናገር ነው፦ «ሰው ከተጎዳ ወይም ማሽን ከቆመ ይደውሉልኝ፤ ሌላውን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አየዋለሁ።» ሳይናገሩ ስልክ መዝጋት ድንበር አይባልም፣ መጥፋት ነው።

እምቢታውን በአማርኛ ለዛ መናገር ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል። ደረቅ «አልችልም» እዚህ አገር ጠብ ይመስላል። ለታላቅ አለቃ፦ «ጋሼ፣ ይህንን ዛሬ ከጀመርኩ የደመወዙ ሠንጠረዥ ነገ አይደርስም፤ የትኛውን ላስቀድም?» ይበሉ። ምርጫው ወደ እርሳቸው ይሄዳል። ለባልደረባ፦ «እኅቴ፣ ዛሬ አይሆንልኝም፤ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት አብሬሽ እቀመጣለሁ» ማለት ይበቃል። «ለቅሶ አለብኝ» ብሎ መዋሸት ግን አይሞከርም፤ ደሴ ውስጥ የማን ቤት ድንኳን እንደተጣለ ሁሉም ያውቃል።

በበዓል ሰሞን እኛ ዘንድ ጥሩ መፍትሔ አለ። ክርስቲያኑ በዒድና በመውሊድ፣ ሙስሊሙ በገናና በፋሲካ አንዱ የሌላውን ተራ ይሸፍናል። ይህ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በቃል ብቻ ከቀረ ሁልጊዜ የሚሸፍነው ያው ለስላሳው ሰው ይሆናል። በጽሑፍ ይሁን፣ የክፍሉ ኃላፊም ይወቀው።

በፈረቃ ማሽን ላይ የሚቆም ሠራተኛ ይህን ሁሉ ብቻውን ማድረግ አይችልም። ለእርሱ መንገዱ የሠራተኛ ማኅበር ነው። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ከዕረፍት በኋላም ካልለቀቀ ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር እንጂ ድንበር ማጥበቅ ብቻውን አይፈታውም።

ከወር በኋላ አለቃዬ «ማታ ማታ ስልክሽ አይሠራም እንዴ?» አሉኝ። ደንቤን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ «እንግዲያው ከመውጣትሽ በፊት አስታውሺኝ» አሉ። አሁን በየቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በራቸውን አንኳኩቼ «ለዛሬ የቀረ ነገር አለ?» እላለሁ። አንዳንድ ቀን አለ፤ እሠራዋለሁ። ብዙውን ቀን የለም።