ወደ ጋንግኑንግ ስትሄዱ የሴኡልን ትንበያ አትመኑ

ደቡብ ኮሪያ ያላችሁ ወይም ለትምህርት ልትሄዱ የተዘጋጃችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ። በምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ጋንግኑንግ ስትጓዙ የሴኡልን የአየር ትንበያ አይታችሁ ሻንጣ አታዘጋጁ። በፈጣኑ ባቡር 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ መሀል ላይ ግን የቴቤክ ተራሮች አሉ። ከተራራው ወዲያ ሰማዩ ሌላ ነው።

በተለይ በረዶው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከባሕሩ እርጥበት ይዞ ይመጣል። ተራራው ሲገታው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በረዶው ይወርዳል። ሴኡል ፀሐይ ወጥቶ ጋንግኑንግ በረዶ ሊከመር ይችላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 የተከመረው ከ1 ሜትር በላይ ነበር! ስለዚህ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ትንበያው ላይ የነፋሱን አቅጣጫ እዩ። ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ ከሆነ ውሃ የማያስገባና የማያንሸራትት ቦት ጫማ አድርጉ። ስኒከር አያዋጣም።

ዝናቡ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጣጠማል። «ጃንግማ» የሚሉት የዝናብ ወቅት ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ መጨረሻ ገደማ ነው። እሱ አለፈ ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ቲፎን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስና ዝናብ) ሊመጣ ይችላል። ኦገስት 31 ቀን 2002 ሩሳ የተባለው ቲፎን ጋንግኑንግ ላይ በአንድ ቀን 870 ሚሊ ሜትር ዝናብ አወረደ። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ የማስጠንቀቂያ መልእክት ሲመጣ ብዙ ጊዜ በኮሪያኛ ስለሆነ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ወዲያው አስተርጉሙት፣ ከወንዝ ዳርም ራቁ።